መሃል የሌላት ከተማ

ፒችትሪ ኮርነርስ ራሷን የቻለች ከተማ ከተባለች ብዙም ሳይቆይ ነው። ታክሲ እየነዳሁ ከኤርፖርት ወደዚያው የሚሄዱ አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ጫንኩ። ሴት ልጃቸው ተቀይማቸው ለዓመታት አልተያዩም፤ አሁን ግን «መሃል ከተማው ላይ እጠብቅሃለሁ» ብላቸዋለች። ስልካቸው ደግሞ ባትሪ ጨርሷል።

«መሃሉ የት እንደሆነ አላውቅም» አልኳቸው።

«መሃል የሌለው ከተማ አለ እንዴ?» አሉ ተቆጥተው። የእሳቸው ከተማ ከፓሪስ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ነው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑና የአትክልት ማሳው ብቻ ነበር። ከዚያ ባቡር ጣቢያው መጣ፤ ፎቆቹም ዙሪያውን እየከበቡ ዳገቱን ወጡ። «ቤተ ክርስቲያኑን ፈልግ!» አሉኝ።

የትኛውን ቤተ ክርስቲያን ልፈልግ? አንዱ ሞል ጎን ነው፣ ሌላው ጫካ ውስጥ። ቢሮ፣ ዛፍ፣ ፓርኪንግ፣ እንደገና ቢሮ። የቀጠሯቸው ሰዓት አለፈ። ዩተርን ባደረግኩ ቁጥር ፊታቸው ይበልጥ ይገረጣል። በመጨረሻ «ትታኝ ሄዳለች» ብለው የበሩን እጀታ ያዙ።

«ኧረ አባባ፣ እየነዳሁ እኮ ነው! ይረጋጉ!» ብዬ ጮህኩና አንድ ባዶ ሜዳ ጥግ ፓርክ አደረግኩ።

ሜዳው ላይ ከሣር በቀር ምንም የለም። ድንገት ግን የግንባታ ሄልሜት ያደረገች ሴት ሣሩን አቋርጣ ወደ እኛ ሮጠች። ሽማግሌው «ልጄ!» ብለው ወርደው አቀፏት። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ።

እኔ ግን አላስችል አለኝ። «መሃል ከተማው ታዲያ የት ነው?» አልኳት።

«እዚሁ ነው» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «የምንሠራው ግን በሚመጣው ዓመት ነው።»