የለሰለሰ ምላጭ

ባለፈው ወር የሟች ወንድሜ ልጅ፣ ከብት ነጋዴው አህመድ፣ ከሚሴ ወዳለው ቤቴ መጥቶ በሽርጥ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አኖረ። ስፈታው ሽጉጥ ነው፤ አሮጌ፣ እጀታው በሰው ላብ የወዛ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ያውቁበታል አሉኝ። እስቲ ይዩልኝ» አለ።

ሽጉጡን ለማንሳት ዘገየሁ። እርጅና ነው ብዬ ሳቅኩለት። እርጅና አልነበረም።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ከውትድርና ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ያገለገልኩት መሣሪያ ጥገና ክፍል ነው። አባቴ ከብት ነጋዴ ነበር። ከሰንበቴ ገበያ የሚገዛውን ከብት ወደ ከሚሴ የሚያመጣው ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን መንገዱ ላይ ዘራፊ በዝቶ አባቴ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ልጁ ባዶ እጁን እንዳይሄድ አንድ የባቲ ሰው አሮጌ ሽጉጥ በወይፈን ሊለውጠው መጣ።

እኔ የማሽላ እሸት ልቆርጥ ማሳ ወርጄ ነበር። ስመለስ ቤቱ በሽማግሌ ተሞልቷል። አባቴ ሽጉጡን እንደ በሬ ነበር ያየው፤ አፉን አይቶ፣ ወገቡን ዳብሶ። ፊቱ በርቶ አቀበለኝ።

«ገሪዳ! ጥሩ ነው! ምላጩን እየው፣ ቅቤ ነው!»

እሸቱን አስቀምጬ ተቀበልኩት። ካዝናውን አወጣሁ፤ የላዩን ብረት ወደ ኋላ ስቤ ውስጡ ጥይት አለመኖሩን አየሁ። የአፈሙዙ ውስጥ መስመሮች ተፍቀዋል። እሱስ ግድ የለም፣ ቢበዛ ኢላማ ይስት ነበር። ከዚያ ከኋላ ያለችውን መምቻ ወጥሬ፣ ምላጩን ሳልነካ፣ በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኳት። ቀጭ ብላ ወደቀች። ደገምኩት፤ አሁንም ወደቀች። መምቻዋን ይዞ የሚያቆም ትንሽ ጥርስ ውስጡ አለ፤ መልቀቅ ያለበት ምላጩ ሲሳብ ብቻ ነው። የዚህኛው ጥርሱ ተበልቶ አልቋል። አባቴ ቅቤ ያለው በሽታውን ነው።

ጠጋ ብዬ በጆሮው «አባባ፣ ጥርሱ አልቋል። ሳይስቡትም ይተኩሳል። ይመልሱለት» አልኩት።

የበራው ፊቱ ጠፋ። «ፋቲሃው ተቀርቷል እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ቢቀራስ?»

«እጃቸውን ዘርግተው በረካ ያሉበትን ላፍርስ? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ።»

በእኛ አገር ውል የሚታሰረው ሽማግሌ ፋቲሃ ሲያነብበት፣ በዱዓ ነው። ያንን ያፈረሰ ሰው ልጁን ሲድር ሽማግሌ አይቀመጥለትም፤ ደም ቢቃባ የሚያስታርቀው የለም። አባቴ ግትር አልነበረም፣ ታስሮ ነበር። ወደ ባቲው ሰው ዞርኩ። ወይፈኑን እየፈታ «ወላሂ አላውቅም፤ እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት» አለኝ። አመንኩት። የሚወቀስ ሰው እንኳ አጣሁ። እሸቱ ተጠብሶ ሲቀርብ ሁሉም በላ፤ እኔ መምቻዋን ደግሜ እገፋ ነበር።

ጥርሱን እንዳልቀይረው መለዋወጫው ከሚሴ ቀርቶ ደሴም አልተገኘም። ሰይድን ለመንኩት። «ጥይት ሳታጎርስ ያዘው፣ በአላህ።»

«ያልጎረሰ ሽጉጥ ከዱላ በምን ይሻላል?» ብሎ ሳቀ። ዘራፊ ጊዜ እንደማይሰጥ እኔም አውቃለሁ። የቀረኝ ገበያ በዋለ ቁጥር አስፋልቱ ዳር ቆሜ መጠበቅ ብቻ ነበር።

በበልጉ ዝናብ አንድ ቀን የከብት መኪናው ደርሶ ቆመ። ሰይድ ከላይ ሆኖ አየኝና እጁን አውለበለበ። ጭቃ ላይ ዘሎ ሲወርድ ሽጉጡ ከወገቡ ጮኸ። ብሽሽቱን በጋቢዬ አሰርኩት፤ ደሙ እምቢ አለ። ደሴ ሳንደርስ፣ ጭኔ ላይ እንዳለ፣ አለቀ። አህመድ ያኔ የእናቱ ሆድ ውስጥ ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አባቴ ከሰላት ተነስቶ «ነግረኸኝ ነበር» አለኝ። ልክ መሆን እንዲህ የማይጠቅም ነገር መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ።

እንግዲህ የአህመድንም ሽጉጥ እንደዚያው ፈተንኩት። መምቻዋን በአውራ ጣቴ ገፋሁ፤ ንቅንቅ አላለችም። ምላጩ ጠንከር ብሎ ተሳበና በቦታው ለቀቀ። ጥርሱ ሙሉ ነው።

«እንዴት ነው፣ አጎቴ?»

«አልቋል፣ መልሰው» ልለው አሰብኩ። ዋሽቼ ላድነው። በመጀመሪያ ግን «ፋቲሃው ተቀርቷል?» ስል ጠየቅኩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ትናንት ባቲ ላይ» አለኝ ኮራ ብሎ።

ያኔ እውነቱ አላዋጣኝም፤ ዛሬ ደግሞ ውሸቱም አያዋጣኝም። «ደህና ነው» አልኩት። ሽርጡን አጥፎ ያዘና ሽጉጡን አባቱ ይሽጥበት በነበረው ጎኑ ሻጠው። ከዚያ ወዲህ ገበያ በዋለ ቁጥር በምርኩዜ አስፋልቱ ዳር ወጥቼ እቆማለሁ።