የቁጥር አንድ ክፍል እንግዳ

እርጥብ ሲሚንቶ ይሸተኛል። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ ላፍቶ ውስጥ ደግሞ ክረምት ነው ብሎ ግንባታ የሚያቆም ሰው ስለሌለ፣ ከአንዱ ጎረቤት አጥር ውስጥ ያ የረጠበ ሲሚንቶና አሸዋ ሽታ ተነስቶ ይመጣና የያዝኩትን ሥራ አስጥሎ ያቆመኛል። ሌላው ሰው ክረምት ሲባል የተጠበሰ በቆሎ ትዝ ይለዋል። እኔ የምስኪን ልጅ፣ ትዝ የሚለኝ ሽንት ቤት ነው።

ያደግኩት ፔንሲዮን ውስጥ ነው። ፔንሲዮን ስል ፎቅ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ብርቄና አባቴ ከሆሳዕና መጥተው በሠሩት ግቢ ውስጥ አምስት ክፍሎች በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ ከኋላቸው እኛ የምንተፋፈግበት ሰርቪስ ቤት ተለጥፎ፣ ከግቢው ጥግ ደግሞ እንግዳውም እኛም የምንጋራው አንድ ሽንት ቤትና ከጎኑ የቀዝቃዛ ውሃ መታጠቢያ ነበረን፤ በቃ ይኸው ነው። እንግዶቻችን አብዛኞቹ የአገራችን ሰዎች ነበሩ፤ ሐኪም ቤት ሰው የሚያስታምሙ፣ ዕቃ ሊገዙ የመጡ ነጋዴዎች፣ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የሚመጡ አማኞች። ጥር ላይ ሠርጉ ሲደራረብ ቤቱ ጢም ብሎ ይሞላና፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ታምራት ወለል ላይ በአንድ ፍራሽ ተጣጥፈን እናድር ነበር፤ እሱ እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሲራገጥ ነው የሚያድረው።

ሰኔ ሲገባ ግን መንገዱ ይጨቀያል፣ የገጠሩ ሰው እርሻው ላይ ይውላል፣ ሠርግ የለ፣ ጉባኤ የለ፣ ቤቱ ጭር ይላል። እማዬ ታዲያ እጇን አጣጥፋ ክረምትን የምታሳልፍ ሰው አልነበረችም። ግድግዳ ታስቀባለች፣ የላላ በር ታስጠግናለች፣ የጎደጎደ ፍራሽ አስፈትታ እንደገና ታስሞላለች። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የራሷ የሆነ አንድ ልማድ ነበራት። «አድሬ ካላየሁት ምን እንደጎደለው በምን አውቃለሁ?» ትልና፣ ሐምሌ ላይ ሠራተኛ ሳትጠራ በፊት ሁላችንም በየተራ በየክፍሉ እንግዳ ሆነን እንድናድር ታደርገን ነበር።

ቀልድ አልነበረም። ማታ ሻንጣ ይዘን፣ ታምራትማ የትምህርት ቤት ቦርሳውን አንግቶ፣ አንኳኩተን እንገባለን፤ ቁልፍ እንቀበላለን፤ ጠዋት በረንዳው ላይ ስንቀመጥ ደግሞ እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ከፊታችን ትቆምና፣ የወለደችንን ልጆች አንቱ እያለች «እንዴት አደሩ? ምን ጎደለብዎት?» ብላ ትጠይቀናለች። እንግዳ የተባለ እውነቱን ይናገራል፤ በተናገረው ደግሞ ማንም አይቆጣውም፤ ሕጉ ይህ ነበር። ታምራት ሕጉን እንዴት እንዳወቀበት! ኮስተር ብሎ «ለቁርስ ዶሮ አልቀረበልኝም» ይላታል። እማዬ ሳቋን እየዋጠች «ይቅርታ ጌታዬ፣ ወደፊት እናስብበታለን» ትለዋለች። እኔ ቁም ነገረኛዋ ግን ትራሱ ይቆረቁራል፣ መስኮቱ አይገጥምም፣ አምፖሉ ዓይን ላይ ነው እል ነበር፤ ያልኩትም ሁሉ ይስተካከል ስለነበር ለሳምንት ያህል በኩራት የሚችለኝ አልነበረም።

አባዬ ብቻ አንድም ቀን እንግዳ ሆኖ አያውቅም ነበር። አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሸራ ሲያለብስ ከጭነቱ ላይ ወድቆ ቀኝ ጉልበቱ ተሰበረና፣ አጥንቱ ቢገጥምለትም ጉልበቱ አልታጠፍም ብሎ ስለቀረ፣ ሥራውን ትቶ ቤት ዋለ። ከዚያ ወዲያ ያ እንግዳውን ሁሉ በሳቅ ይገድል የነበረ ሰው ሌላ ሰው ሆነ። ሻይ ሲሰጡት አይጠጣም፤ ራት ሲቀርብለት ሁለቴ ጎረስ አድርጎ እጁን ይሰበስባል፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ፕሮግራሙ ከረዘመ አቋርጦ ይመጣል። ሸሚዙ ሰፋው። እማዬ «ሚስቱ ነች የምታበላው ይሉኛል ብሎ ነው፤ ኩራት ነው» ትል ነበር፤ እኛም እሷ ያለችውን እናምን ነበር።

የምነግራችሁ ክረምት ደግሞ እማዬ ትልቅ ነገር ያሰበችበት ነበር። አስፋልቱ ዳር አዲስ ፎቅ ተከፍቶ፣ በየክፍሉ ሻወርና ሽንት ቤት አለው ስለተባለ፣ የኛ እንግዶች ዓይናቸውን ወደዚያ መጣል ጀምረው ነበር። ስለዚህ ከፊት ያሉትን ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት ክፍሎች የየራሳቸው መታጠቢያ ቤት ልታወጣላቸው ወስና፣ ሴራሚኩንና ቧንቧውን አስመጥታ ቤት ውስጥ ከመረችው። ይህንን ለአባዬ ስትነግረው አባዬ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል፣ «ጥሩ ነው። እኔ መስቀልን ሆሳዕና እበላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ቤት እቀራለሁ» አላት።

«እንደፈለግህ» አለችው።

 እኔ በሩ ሥር ቆሜ እሰማ ነበር። አባቴ ሲሄድ ማየት አዲሴ አልነበረም፣ ሹፌር ነበራ፤ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የሚሄደው ሁሌም ሊመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ መስከረም እንዳይጠባ የምጸልይ የላፍቶ ብቸኛዋ ልጅ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ቁጥር አንድ ክፍል የማደር ተራ የኔ ነበር፤ ግን ጉንፋን ይዞኝ እማዬ ከለከለችኝ። የሰርቪስ ቤቱ ጣሪያ ደግሞ በእናቴና በአባቴ አልጋ ላይ፣ አባዬ በሚተኛበት በኩል፣ ማንጠባጠብ ስለጀመረ፣ አባዬ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አንኳኩቶም ቁልፍ ተቀብሎም ሳይሆን ዝም ብሎ ገብቶ ተኛበት።

በማግስቱ ጠዋት ሲወጣ ሁላችንም በረንዳው ላይ ነበርን። ዝናቡ አባርቶ፣ እማዬ ምስር ትለቅም ነበር። ከዚያ ንግግር ወዲህ ከደህና አደርክ ከደህና አደርሽ ያለፈ አልተነጋገሩም። ቀና ብላ አየችው፤ እልኋ መጣባት መሰለኝ፣ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነስታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከፊቱ ቆመችና «እንዴት አደሩ ጌታዬ?» አለችው።

ታምራት ሳቀ።  አባዬ እሷን አያት፣ እኛን አየን፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ያን ግትር እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ምን ጎደለብዎት?»

«አልጋው ጥሩ ነው። ብርድ ልብሱም ጥሩ ነው።» ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «ያስቸገረኝ ሽንት ቤታችሁ ነው» አለ።

«ራቀብዎት?»

«ርቀቱስ ግድ የለም። ጉልበቴ አይታጠፍም፤ ቁጢጥ ማለት አልችልም። ግድግዳ ይዤ እሞክራለሁ፣ ግድግዳው በዝናብ ርሶ ያሟልጨኛል፣ እወድቃለሁ። ስለዚህ አልበላም፣ አልጠጣም፤ ወደዚያ እንዳልሄድ ብዬ።»

እማዬ በዚያች ቅጽበት ብርቄ ሆና ብትጮህ፣ ወይም «ውይ!» ብላ እጁን ብትይዘው ኖሮ፣ አባዬ ተነስቶ ይሄድና ያ ነገር ለዘላለም ይቀበር ነበር። አልጮኸችም። ድምፅዋ ብቻ ቀጠነ።

«ባለቤትዎ ይህን ያውቃሉ?»

«አታውቅም። ሰው እንዴት ብሎ ነው ይህን ለሚስቱ የሚናገረው? ወንድሜ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከእንጨት መቀመጫ ሠርቶልኛል። ወደዚያ ልሄድ ያሰብኩትም ለዚያ ነው እንጂ ቤቴን ጠልቼ አይደለም።»

«ባለቤትዎ እኮ የጠሏት መስሏት ነበር» አለች እማዬ። ቀጥላም፣ «እንግዲህ ጌታዬ፣ ዕቃዎን ከቁጥር አንድ አያውጡ» አለችና ወደ ጓሮ ሄደች። ቧንቧው ሲከፈት ሰማን። ተከትያት ስሄድ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል፣ እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። «አጠገቤ ተኝቶ!» አለችኝ፣ «አጠገቤ ተኝቶ እየራበው እኮ ነው እኔ ኩራት ነው የምለው!»

ነሐሴ ላይ ሥራው ተጀመረ። የሁለቱ ክፍል እቅድ ቀረና፣ የተገዛው ዕቃ ሁሉ ቁጥር አንድ ላይ ዋለ፤ በሩ ሰፋ፣ ደረጃው ጠፋ፣ መቀመጫው በጉልበቱ ልክ ከፍ እንዲል ተወሰነ። ግን ልኩ ስንት ነው? ቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ ሁሴን ብሎኬት ደራርቦ «ይቀመጡበትና እንለካ» ሲል፣ አባዬ በሰው ፊት ግቢ መሃል ተቀምጦ መለካቱ እንዴት ይሁንለት፤ ፊቱ ጠቆረ። እማዬ ወዲያው «ሁላችሁም ትለካላችሁ!» ብላ አወጀች። እኔ ተቀመጥኩ፣ ታምራት ተቀመጠ፣ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች፣ ጋሽ ሁሴን ራሱ ተቀምጦ «ለኔ እንኳ ተመችቶኛል» አለ፣ ከዚያ አባዬ ማንም ያላየው ይመስል ተራውን ጠብቆ ተቀመጠ። ለስሙ ሁላችንም ተለካን እንጂ ልኩ የእሱ ነበር፤ መቀመጫው ሲገጠም የኔና የታምራት እግር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ዝናቡ ደግሞ አይለቅም። የተለሰነው ግድግዳ አልደርቅ ብሎ በከሰል ምድጃ እያሞቅን አደረቅነው፤ የውሃ ፈረቃችን ሳይደርስ ቀርቶ ሲሚንቶው በጄሪካን በተቀዳ የዝናብ ውሃ ተቦካ። ጋሽ ሁሴን ከተረፈው ቧንቧ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ጠንካራ መያዣ አሰረ። ጳጉሜን ላይ ሁሉም አለቀ፤ አባዬ ገብቶ በሩን ዘጋ፣ ብዙ ቆይቶ ወጣ። ማታ ሁለት ሳህን በላ።

ያም ሆኖ መስቀል ሲደርስ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። እማዬ ቅርም አላለችው፣ ተመለስም አላለችው። እኔ ለዚህ ዝምታዋ ተናደድኩባት፤ «ለምን አታስቀሪውም?» ብዬ ስጮህባት፣ «ሰው በሽንት ቤት ታስሮ አይቀመጥም፤ ከወደደን ይመጣል» አለችኝና መጋረጃ ማጠቧን ቀጠለች።

ጥቅምት ሲገባ እንግዳው መምጣት ጀመረ። የአዲሱ መታጠቢያ ቤት ወሬ እንዴት እንደደረሳቸው እንጃ፣ ሁሉም «ቁጥር አንድን ስጪን» ይሏታል። እማዬ ባዶውን ክፍል እያየች «ሰው አለበት» ትላቸው ነበር። አንድ ቀን የጉባኤ እንግዶች ክፍል አንሷቸው ሲለምኗት እንኳ የኛን ሰርቪስ ቤት ለቃላቸው፣ እኛን ኩሽና አስተኝታ፣ ቁጥር አንድን ዘግታ አደረች። ሰው ሁሉ አበደች ሳይላት አልቀረም።

አባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ጫማዬን ሳወልቅ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በአንድ እጁ፣ ሻንጣው በሌላው፣ ግንባሩ በላብ ተጠምቆ ቆሟል። ዘልዬ ላቅፈው ስል ቆጮውን አስታቀፈኝና «ቆይ፣ ቆይ፣ ከወሊሶ ጀምሮ ይዤው ነው» ብሎ፣ እማዬንም ሳይስማት በቀጥታ ቁጥር አንድ ገባ። እማዬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሲያበቃ እንባ ሆኖ ነበር። አባዬ በዚያው ከኛ ጋር ቀረ።

ዛሬ ፔንሲዮኑን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ታምራት ፉሪ ቤት ሠርቶ ገብቷል። ላፍቶም ያኔ የማውቀው ላፍቶ አይደለም፤ ከአጥራችን ወዲያ የነበረው የገብስ ማሳ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ እንግዳው በስልክ ይደውልና ሙቅ ውሃ አለ ወይ፣ ዋይፋይ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ክፍሎቹ ሁሉ መታጠቢያ ቤት አላቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር እኔም እንደ እማዬ አንዱን አፈርሳለሁ፣ አንዱን እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት በሁሉም መታጠቢያ ቤቶች የግድግዳ መያዣ አስገጠምኩ። ሠራተኛው «ሐኪም ቤት አስመሰልሽው እኮ!» ሲለኝ «ይምሰል» አልኩት። ሰው የሚያፍርበትን ነገር እስኪነግረኝ መጠበቅ አልወድም።

ያኔ አባዬ በገዛ ቤቱ አልቻልኩም ለማለት እንግዳ መሆን ነበረበት። ዛሬ ጠዋት በረንዳው በቁርስ ተመጋቢ ተሞልቶ፣ አንድ የተከበሩ መጋቢ ማዕዱን ሊባርኩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ፣ ከቁጥር አንድ መታጠቢያ ቤት የአባዬ ድምፅ ግቢውን ሰንጥቆ መጣ።

«ብርቄ! ሳሙናው ወድቆብኛል፤ ማንሳት አልችልም፤ ነይ!»

እማዬ ወገቧን ይዛ እየተነሳች፣ «ኧረ ቀስ በል፣ እንግዶች ይሰማሉ!» አለችው።

«ይስሙዋ!» አለ አባዬ።