የጤና ጣቢያዋ ላንድሮቨር ቀለም

ቀለም እንዲህ በዋዛ አይሞትም። ፀሐይ የምትገድለው ላዩን ብቻ ነው። ያንን እንደ ኖራ የሚቦነን ላይኛውን ልጣጭ ገፎ ከሥር ያለውን የሚያወጣ እጅ ከተገኘ ቀለሙ ይመለሳል። እኔ ያ እጅ ነበረኝ። በደርግ ዘመን ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ ስሠራ በፖሊሽ ማሽን የሚወዳደረኝ አልነበረም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ እናገር ነበር። ጉራዬ ባልደረቦቼን አሰልችቷቸዋል። ሥራዬ ግን ጉራዬን አያሳፍርምና እየተነጫነጩም ቢሆን ይሰሙኛል።

አንድ ቀን መኪናቸውን እዚያው ትተው በጭነት መኪና ከላሊበላ መድኃኒት ሊረከቡ የመጡ የጤና ጣቢያ ሾፌር ጋራዣችን ጎራ አሉ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ የሚደርቡ የሙጃ ሰው ናቸው። እኔ የአንድ አውቶቡስ ጎን እያበራሁ ነበር። ማሽኑን እስካጠፋ ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ የኔይቱንስ ታድንልኛለህ?» አሉኝ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከክፍለ ሀገሩ የተውጣጣ ኮሚቴ እየዞረ ያረጁ የመንግሥት መኪኖችን ሊያስወግድ ነው። የሳቸው ላንድሮቨር ሞተሯ ጎረምሳ ነው፤ መልኳን ግን የደጋ ፀሐይ ጨርሶት አመድ መስላለች። ከኮሚቴው መካከል ሞተር የሚያውቁት የኛው ጋራዥ ኃላፊ፣ ይህን ሙያ ያስተማሩኝ ሰው ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የሚፈርዱት በዓይናቸው ነው። መኪናዋ ከተወገደች በአንድ በኩል እስከ ሙጃ፣ በሌላ በኩል እስከ ፍላቂት ምጥ የጠናባትን ሴት የሚያነሳ ሌላ መኪና የለም። ሰው እንደ ድሮው በቃሬዛ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ እንደ አዲስ አደርጋታለሁ» አልኳቸው፣ መኪናዋን እንኳ ሳላይ።

ኃላፊዬ ፈቀዱልኝ። «ከኮሚቴው ጋር ስመጣ በዓይኔ አያታለሁ። ከተሳካልህ የቀለም ክፍሉ አለቃ አንተ ነህ» አሉኝ። ማሽኔን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተነሳሁ።

ላሊበላ ያኔ መብራት አልነበራትም። ያላት አንድ ሆቴል ግን ውሃ ለመሳብ ረፋዱ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ጀነሬተር ያስነሳል፤ እኛም መኪናዋን ጀነሬተሩ ቤት ጥላ ሥር አስጠጋናት። ኮሚቴው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስለሚደርስ የነበረኝ ጊዜ ሁለት ረፋድ ብቻ ነበር። በእጄ ዳበስኳት፤ መዳፌ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተመለሰ። ደስ አለኝ። ዱቄት ካለ ከሥሩ ቀለም አለ ማለት ነው።

ሥራው የጉልበት ይመስላል እንጂ የጆሮና የጣት ነው። ማሽኑ ጫፍ ላይ የሚሽከረከረውን ክብ ሱፍ አሸዋማውን ቅባት ትቀባውና ማሽኑን ጠፍጣፋ አድርገህ ትለቀዋለህ። አንድ ቦታ ከቆምክ ቀለሙ ይቃጠላል፤ ጠርዝ ላይ ከተጫንክ ብረቱ ብቅ ይላል። የብረቱ ሙቀት ከእጅህ ሙቀት ሲያልፍ ታቆማለህ፣ ውሃ ትረጫለህ። ማሽኑ ሲደክመው ድምፁ ይወፍራል። ይህን ሁሉ ለሾፌሩ እየተረክሁ ነበር የምሠራው። እሳቸው ግን የሚሰሙኝ አይመስለኝም፤ ሱፉ ካለፈበት ሥር ብቅ የሚለውን ጥቁር አረንጓዴ ነበር የሚያዩት።

በሁለተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ጨረስኩ። እኔ ራሴ አፌን ያዝኩ። ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ቄሶች ቆመው ጥምጥማቸውን በመኪናዋ በር ላይ እያዩ አስተካከሉ። ሾፌሩ ኮፈኑን በጋቢያቸው ጫፍ ነካ አደረጉና እንባቸው መጣ።

«እንዲህ ነበረች እኮ! ስረከባት እንዲህ ነበረች!» አሉ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ያ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያን አልደገምኩትም።

ገና ማሽኑን ሳልጠቀልል፣ ኮሚቴውን ቀድሞ ስብሰባ ሊያዘጋጅ የመጣ አንድ ወጣት ካድሬ ደረሰ። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ከዚያ ማበጠሪያውን አወጣና በበሩ ላይ ራሱን እያየ ጸጉሩን አበጠረ።

«ይቺማ እዚህ ገደል ውስጥ ምን ትሠራለች?» አለ። «ክፍለ ሀገሩ የእንግዳ መቀበያ መኪና አጥቷል። ነገ ጠዋት ለኮሚቴው አሳስባለሁ።» ማበጠሪያውን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ሾፌሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«አየህ ልጄ፣ በኛ አገር ሸጋ በቅሎ ያለው ሰው ሹም ሊመጣ ነው ሲባል አያጥባትም። ጭቃ ለጭቃ ያንከባልላታል፣ ጋማዋን ያንጨባርረዋል። ሹሙም አይቶ ይተዋታል። ይሄን እያወቅሁ አንተን ከደሴ ጎትቼ አመጣሁ። ጥፋቱ የኔው ነው።»

ተናደድኩ። ስታስጠላ ይጥሏታል፣ ስታምር ይወስዷታል፤ ታዲያ ምን ትሁንላቸው? «ጭቃ እንቀባት?» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኮሚቴው መኪና የሚያየው አሳጥቦ ነው። እውነቱን ለመናገር መልሱን ከሳቸው በፊት አውቄው ነበር፤ ያወጣሁትን ቀለም በገዛ እጄ መልሼ መግደል ነው። አውቄው ነው የጮህኩት።

ከሰዓት በኋላ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አወጣሁና ውሃ ነከርኩ። በጣም ካደበዘዝኳት ትወገዳለች፤ ከሳሳሁላት ትወሰዳለች። መሃሉን ማግኘት ነበረብኝ፤ ከኔ ሌላ ያንን መሃል የሚያገኝ ሰው ወሎ ውስጥ እንዳልነበረ ዛሬም እምላለሁ። ፀሐይ ሁሉን እኩል አትበላም። ኮፈኑንና ጣራውን ጠንከር አድርጌ ፈተግኩ፣ ጎኖቹን ለስለስ አድርጌ፣ በእጀታው ሥር ያለውን ጥላ ቦታ ጭራሽ አልነካሁትም። ሾፌሩ መጀመሪያ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። ቆይተው ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡና በዚያኛው በኩል ያዙ። አረንጓዴው ውሃ በጎማዎቹ መሃል ይወርድ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ኮሚቴው ጤና ጣቢያው ግቢ ቆመ። ካድሬው መኪናዋን አየና ደነገጠ። «ትናንት እንዲህ አልነበረችም! ታበራ ነበር!» አለ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። ሾፌሩ አንገታቸውን ደፍተዋል። የጋራዡ ኃላፊዬ ከሊቀመንበሩ ጎን ቆመው ያዩኛል።

እስከዚያ ዕድሜዬ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ቃል ነበር። አወጣሁት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፖሊሹ እርጥብ ሳለ ያበራል፤ ሲያድር ይከስማል። ሞክሬ ነበር፣ አልቻልኩበትም።»

ኃላፊዬ ቀረብ ብለው አውራ ጣታቸውን በኮፈኑ ላይ አንሸራተቱ። የብርጭቆ ወረቀት ዱካ ከዚያ ጣት አያመልጥም፤ ዱካውን በጣት መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጁ ገና ነው» አሉ ለሊቀመንበሩ። «እንግዳ የምትቀበል መኪና አይደለችም። ሞተሯ ግን ደህና ነው፣ ለዚህ አገር ትበቃለች።» ሊቀመንበሩም እዚያው ትቆይ ብለው አለፉ።

ኮሚቴው ከግቢው ሳይወጣ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሱ፤ ሙጃ ላይ የሚጠብቃቸው በሽተኛ ነበረ። በመስኮት እጄን ያዙና ሳይለቁ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ሄዱ።

የቀለም ክፍሉ አለቃነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ኃላፊዬ ስለዚያች መኪና አንድም ቀን አላነሱብኝም። አልቻለም የሚለው ወሬ ግን ከኔ ቀድሞ ደሴ ገብቶ ኖሮ፣ መኪና አብርቼ ማሽኑን ባጠፋሁ ቁጥር ጋራዡ በሙሉ «ነገ ጠዋት እንየው!» እያለ ይስቅብኝ ጀመር። ስንት ዓመት ሳቁብኝ! እኔ ለአንድ ቃል አሥር የምመልሰው ሰው፣ እውነቱ ካፌ ካመለጠ መኪናዋን ሄደው እንደሚወስዷት ስለማውቅ፣ አብሬያቸው እስቅ ነበር።