ኮምጣጤ፣ ሶዳና የእናት ውሃ ጥም

እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ፣ ኤይን ሀትኽሌት ከሚሉት ሰፈር ውስጥ የአንዱን ፎቅ ደረጃ ስትወጣ ዓይንህ ማንባት ከጀመረ የቢምረው ቤት ደርሰሃል ማለት ነው፤ ድሮ እንዲህ ነበር። ሰውየው በረኪና ይወዳል፣ እዚህ አገር ኤኮኖሚካ የሚሉትን። ሌላው በክዳን ለክቶ የሚጨምረውን እሱ እንዳለ ይገለብጠዋል። ሚስቱ ሙኒት አፍንጫዋን ይዛ ስትቆጣው «ካልሸተተ መች ጸዳ» ይላታል። ጎረቤቱ ሁሉ በዚህ ይስቅበታል። ይሳቅበት፤ እኔ ግን እንደሱ ያለ ልጅ ለእያንዳንዷ እናት አንዳንድ ይድረሳት እላለሁ።

ከጎንደር ሲመጣ ጢሙ እንኳ በወጉ አልበቀለም። መጀመሪያ ያገኘው ሥራ የሠርግ አዳራሽ ሽንት ቤት ማጽዳት ነበር። ሰው ፊት ለፊት ሲጨፍር እሱ ባልዲና መጥረጊያ ይዞ ከጓሮ ያመሻል። በረኪናን የለመደውም እዚያ ነው፤ አለቃው ጽዳትን የሚለካው በአፍንጫው ነበርና። ኋላ ፖሌግ፣ ከፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ አንድ የካርቶን ፋብሪካ ገባ፤ ትዳር ያዘ፣ ልጆች አሳደገ። ይሁንና እንጀራው ከጉሮሮው አይወርድለትም ነበር፤ እናቱ እማማ የሺሐረግ ጎንደር ቀርተዋል። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ ሲባል ስንት ክረምት አለፈ። ኢትዮጵያ የቀሩ ቤተሰቦቻችን ይምጡልን የሚል ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ቢምረው የእናቱን ፎቶ ደረቱ ላይ ይዞ ይቆማል፤ ሂድ ሲሉት ይሄድና ዞሮ ይመጣል። ከንቱ ልፋት ነው ያሉትም ነበሩ።

በመጨረሻ እናትየው መጡ። መጀመሪያ መርከዝ ክሊታ፣ አዲስ ገቢ ከሚያርፍበት ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተሰጥቷቸው ለብቻቸው ተቀመጡ። ሁሉን በእጃቸው ያደርጉ ነበር፤ ያጥባሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ማንንም አያስቸግሩም። ኋላ ጉልበታቸው ከዳቸው። አንድ ቀን በራፋቸው ላይ ወድቀው ሲገኙ ቢምረው «ከእንግዲህ ለብቻሽ አትሆኝም» ብሎ ወደ ቤቱ አመጣቸው። ያን ቀን ልቡ ቅቤ ጠጣ። ከሳሎኑ ጥግ ጥሩውን ወንበር ለቀቀላቸው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ከለከለ።

ደስታው አልቆየለትም። እማማ የሺሐረግ ከልጃቸው ቤት ውሃ አልጠጣም አሉ።

ጠዋት ጠዋት መኪና መጥቶ ወደ ሽማግሎች መዋያ ይወስዳቸዋል፤ እዚያ ይጠጣሉ። ቀትር ላይ ከተመለሱ ወዲያ ግን ከንፈር ከማርጠብ ሌላ የለም። ቅዳሜ መዋያው ዝግ ነውና ቅዳሜ ጭራሽ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በነሐሴ ነው፣ የኔታንያ ወበቅ ሰውን ቆሞ በሚያቀልጥበት ወር። ሻይ ሲቀርብላቸው «ቆይ ይብረድልኝ» ይላሉ፤ ሲበርድ ደግሞ «ምን ያደርጋል፣ በረደ» ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል።

የኩፓት ሆሊሟ፣ የጤና መድን ክሊኒኩ፣ ሐኪም የደም ምርመራውን አየችና ቢምረውን ለብቻው ጠራችው። ኩላሊታቸው እየተጎዳ ነው፣ መድኃኒቱ ውሃ ነው፣ በዚሁ ከቀጠሉ ሆስፒታል መተኛታቸው አይቀርም፣ ከዚያም አልፎ ደማቸው በማሽን ወደ መታጠብ ይሄዳል አለችው። ያን ሁሉ ዘመን ተሰልፎ ያመጣቸው እናቱ እዚሁ ቤቱ ውስጥ፣ ቧንቧ በሞላበት፣ በውሃ ጥም ሊሄዱበት ነው።

ነገሩ ከሽንት ቤቱ ጋር እንደተያያዘ ለማወቅ ብዙም አልፈጀበትም። እናቱ በዚያ በር ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ ያደርጋሉ። እጅግ ሲጨንቃቸው ብቻ ገብተው ቶሎ ይወጣሉ። እዚያ ላለመግባት ነው የማይጠጡት። ለምን እንደሚሸሹት ግን አልገባውም።

«እማየ፣ ሽንት ቤቱ ቆሽሾብሽ ነው?»

«የለም ልጄ። ወተት አይደል የሚመስል።»

«ታዲያ ለምን አትጠጭም?»

«አልጠማኝም አልሁህ።»

ከዚህ በላይ አይገኝም። ሙኒት የራሷ ግምት ነበራት። ሽንት ቤቱ ከወጥ ቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ የእኛ አሮጊቶች ደግሞ በንጽሕና ነገር ቀልድ አያውቁም፣ ከእሳት ዳር እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም አለችው። ቢምረው አሰበበት። በመርከዙ ክፍል ግን ሽንት ቤቱ ከአልጋቸው ራስጌ ነበር፤ እዚያ ሳሉ ሲጠጡም ሲገቡም በዓይኑ አይቷል። ሂሳቡ አልመጣለትም።

«ውሃን ከጥሩው፣ ነገርን ከሥሩ» ይባላል። ቢምረው ግን ከጠርሙሱ ጀመረ። በመቀመጫው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ውሃው በሚያርፍበት መስመር ላይ፣ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ይዞ ነበር። እናቴ ለኔ ብላ ወተት ትላለች እንጂ የተጠየፈችው ይህንን ነው አለ። ድሮም ልማዱ ነው፣ አሁን ግን ባሰበት፤ ከሥራ በፊት በረኪና ይደፋል፣ ከሥራ መልስ ተንበርክኮ ይፈገፍጋል። ቀለበቱ ቀን ይነጣል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። እሱ በደፋ ቁጥር ነጠላው ወደ አፍንጫ ከፍ ይላል፣ እናቱም በዚያው መጠን ውሃውን ይቀንሳሉ። ምስኪን፣ ለማዳን ሲሮጥ እሱው እያባሰባቸው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሙኒት ውሃ የምታፈላበትን ኩምኩም ልታጸዳ ኮምጣጤ ጨምራ አፈላችበት። የኔታንያ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ የማይጸዳ ኩምኩም ውስጡ ድንጋይ ያበቅላል። ቢምረው አጠገቧ ቆሞ ሲያይ ያ ነጭ ቅርፊት እንደ እንቁላል ልጣጭ እየተነሣ ወረደ።

«የሽንት ቤቱስ ቀለበት?» አላት።

«እሱም ኖራ ነው። ስንት ጊዜ ነገርሁህ? ኤኮኖሚካህ መልኩን ያነጣዋል እንጂ ድንጋዩን አይነካውም። እድፍ የሚይዘው ድንጋዩ ላይ ነው።»

እውነትም ነግራው ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏት ነው። ቢምረው ቁልፉን አንሥቶ ወደ ገበያ ወረደ። ዓርብ የኔታንያ ገበያ ሰው ከሰው ይጋፋል። ኮምጣጤ በትልልቁ ጠርሙስ፣ የመጋገሪያ ሶዳ፣ ሎሚ በከረጢት ገዛ። የሎሚ ሻጩ ዕቃውን አየና «ወንድሜ፣ ለጠቅላላ ኔታንያ ሰላጣ ልትሠራ ነው?» ብሎ በዕብራይስጥ ቀለደበት። ቢምረው «ለእናቴ ነው» አለው እንጂ ለሽንት ቤት ነው አላለም።

ቤት ሲመለስ እናቱ ጋደም ብለዋል። መጀመሪያ ውሃውን ደጋግሞ ለቀቀ፣ የበረኪና ጠረን እስኪጠፋ። ይህ ነገር ቀልድ እንደማያውቅ ያውቃል፤ የሥራ ጓደኛው ደጀን በረኪና ላይ የድንጋይ ማስለቀቂያ አሲድ ጨምሮበት እያሳለ ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድ አይቷል። ኮምጣጤም አሲድ ነው፤ ከበረኪና ጋር አይገናኝም። ከዚያ የጎድጓዳውን ውሃ በብሩሽ እየገፋ ወደ ታች አወረደው፣ የሽንት ቤት ወረቀት በኮምጣጤ ነክሮ ቀለበቱን ዙሪያውን ለበጠውና ተወው። ሙኒት የሰንበቱን ምግብ ጨርሳ ስታነሣ ተመልሶ ገባ። ወረቀቱን አነሣ፣ ሶዳ ነሰነሰ፣ በላዩ ኮምጣጤ አፈሰሰ። ኩፍ ብሎ አረፋው ተነሣ። ጉልበቱን መሬት ላይ አድርጎ ሲፈገፍገው ያ ስንት በረኪና የጠጣ ቀለበት እየተፈረፈረ ለቀቀ። መቀመጫውንና ቧንቧውን ደግሞ በግማሽ ሎሚና በጨው አሸው። ቤቱ ሎሚ ሎሚ ሸተተ።

ቀና ሲል እናቱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እማየ፣ እይው እስኪ። ጸዳ። ድንጋዩ ወጣ፣ መርዙም የለ።» ፊቱ እንደ ሕፃን በርቷል።

እማማ የሺሐረግ ጎድጓዳውን አላዩም። ያዩት የልጃቸውን ጉልበት ነው፣ ውሃ የዘፈቀውን ሱሪ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ተነሥ» አሉት። «ተነሥ ከዚያ።»

«ምን ጎደለው? ንገሪኝ፣ የጎደለውን ልሙላ።»

«ምንም አልጎደለው። መጀመሪያም አልጎደለው።» ነጠላቸውን በአፋቸው ያዙ፣ ለቀቁ። «በመጣህ ቁጥር ከዚህ ተንበርክከህ ስትፈገፍግ እሰማለሁ። እኔ ገብቼ የወጣሁበትን። ያንን ሁሉ ዘመን ያላየሁት ልጄ የኔን ጉድ ሲጠርግ ላይ ነው የመጣሁ? በጠጣሁ ቁጥር ትንበረከካለህ። እንዴት ብየ ልጠጣ?»

ቢምረው ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። «እናቴ አይደለሽ? አንችስ ስንቱን አጥበሽልኛል?»

«እሱ የእናት ነው። በመርከዙ የራሴን እኔው አጥብ ነበር፣ ደስ ብሎኝ። እዚህም አንተ ሳትኖር ሞክሬ ነበር። ያ የምትደፋው ነገር ደረቴን ዘጋው፣ ዓይኔን አጠፋው። ጠርሙሱን መልሼ አስቀመጥሁት። ከዚያ ወዲህ መጠጣቱን ተውሁት።»

ይኸው ነገሩ፣ ከነሥሩ። እናቱን ከውሃ የለያቸው ቀለበቱ አልነበረም። እሱው ነው፣ ከነፍቅሩና ከነበረኪናው።

እዚህ ላይ ነው ቢምረውን የማከብረው። ለእናቱ ተንበርክኮ ማጠብ ለእሱ ቀላል ነበር፤ የሚከብደው አለማጠብ ነው። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። አሮጊት እናቱን በቤቱ ሽንት ቤት ያሳጥባል ከተባለ በየሠርጉና በየለቅሶው መነጋገሪያ ይሆናል። ኋላም አልቀረለትም፤ ዛሬም የሚያሙት አሉ። አንዷ ዘመዱ ለሙኒት ፊት ለፊት «ምን ጉድ ነው የምሰማው?» ብላታለች። ሙኒት ሐሜቱን ስትነግረው «ይበሉኝ» ብሎ ቡናማ ጫማውን መወልወሉን ቀጠለ። ያች ዓርብ ግን ገና ሐሜቱ ከፊቱ ነበር፣ ጠንቅቆም ያውቀዋል። ከእናቱ ጥም አስበልጦ አላየውም።

ተነሣ። ከበረንዳው የላስቲክ በርጩማ አምጥቶ ጉልበታቸው እንዳይጎዳ ከጎድጓዳው አጠገብ አስቀመጠላቸው። እጀታው ረጅሙን ብሩሽ ሰጣቸው። እማማ የሺሐረግ ጠርሙሱን አንሥተው አሸተቱት።

«ይኸ የሚበላው ኮምጣጤ ነው?»

«የሚበላው ነው።»

«ሎሚውም ያው ሎሚ?»

«ያው ሎሚ።»

በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቀመሱት፣ ፊታቸው ተጨማደደ፣ ሳቁ። ከመጡ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየም። «በል ውጣልኝ» አሉት። «በሩን ዝጋው።»

ቢምረው ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ሙኒትም ማንኪያዋን እንደያዘች መጥታ ከጎኑ ቆመች። ከውስጥ ሶዳው ሲንሿሿ ተሰማ። «ወይ ጉድ፣ እንደ ጌሾ ጥንስስ ይገነፍላል» ሲሉ ሰሙ። ቀድሞ የጸዳውን እንደገና ይፈገፍጉታል፣ ሲደክማቸው ያርፋሉ፣ ደግሞ ይጀምራሉ። ሙኒት ልትገባ በሩን ስትነካ ቢምረው እጇን ይዞ መለሳት። ኋላ ውሃው ተለቀቀ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ እጃቸውን ሲታጠቡ ተሰማ።

ወጡ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው፣ አፍንጫቸው ላይ አይደለም። ማንንም ሳያዩ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጥ ቤት ገቡና ከጠረጴዛው ተቀመጡ። ሰንበት ሊገባ ነው፣ ሙኒት የሰንበቱን መብራት አዘጋጅታለች።

«ቢምረው» አሉ፣ «እስኪ ውሃ ስጠኝ።»

ቀድቶ ሰጣቸው። እስከ አፉ ስለሞላው ጥቂት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ማንም አልጠረገውም። እማማ የሺሐረግ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ሥሩ ጠጡት። ከዚያ ባዶውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«ድገመኝ» አሉት።