የጋሽ ደበሌ አውራ ጣት

ባለፈው ወር ላፕቶፔን ይዤ አዳማ መሃል ካለች አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት ገባሁ። ቻርጀሩ ካልተደገፈ አይሞላም፤ እኔም ለወራት ከሥሩ መጽሐፍ እየደረብኩ፣ ገመዱን በላስቲክ እየጠፈርኩ ሳባብለው ከርሜያለሁ። በዚያ ላይ በከፈትኩት ቁጥር የማላውቀው ማስታወቂያ ይዘንብበታል። ጠጋኙ ልጅ ገልበጥ አድርጎ አየውና ፈረደ። «ማዘር፣ የቻርጀሩ መሰኪያ ላልቷል፤ እሱን እበይደዋለሁ። ቫይረሱ ግን በዝቷል፤ ፎርማት መደረግ አለበት። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የሚፈልጉት ነገር አለ?» መልሴን ሳይጠብቅ የጋለውን መበየጃ እርሳሱ ላይ አሳረፈው። ቀጭን ነጭ ጭስ ወጣ። ያ የተቃጠለ ሙጫና የቀለጠ እርሳስ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልጁ ደም ግፊት መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ሽታውን የማውቀው ከጋሽ ደበሌ ሱቅ ነው። ከተማዋ ያኔ ናዝሬት ነበር የምትባለው፤ ዘመኑም የደርግ። ሱቁ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ጥላ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እየጠረገ ያስገባ ስለነበር በሩ ላይ እርጥብ ጆንያ ይሰቅላል። ውስጡ ሁልጊዜ ጨለም ይላል። መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች፣ የቆዳ ልብሳቸው የተገፈፈ፣ ቁልፋቸው የወለቀ፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጋሽ ደበሌ ረጅም፣ ኮስታራ፣ ለሰላምታ እንኳ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ጋሪ ነጂዎቹ በሩ ላይ ቆመው «አካም ጂርታ፣ ደበሌ!» ሲሉት በጉሮሮው ብቻ ይመልሳል። እኛ ልጆች እንፈራው ነበር። እውነቱን ለመናገር እሱም አይወደንም ነበር።

አንድ ልማድ ግን ነበረው። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ የውጭ ጣቢያ ያዳምጣል፤ አዳመጥኩ የሚል ግን አንድም ሰው አልነበረም። ችግሩ ሬዲዮኑ ሲበላሽ ነው፤ ቀይዋ መርፌ የተከለከለው ጣቢያ ላይ እንደቆመች ትቀርና ታሳብቃለች። ልበ ሙሉ ሰው ሬዲዮኑን ለጥገና ከመውሰዱ በፊት መርፌዋን ወደ አገር ውስጡ ጣቢያ ይመልሳል። በድንጋጤ ለሚረሳው ደግሞ ጋሽ ደበሌ ነበረለት። ሬዲዮ ሲቀበል መጀመሪያ መዳፉን የመርፌዋ መስኮት ላይ ይጭናል፤ ከዚያ በሌላ እጁ ቁልፉን እስከ ጥግ ድረስ ያዞረዋል። መርፌዋ የት እንደነበረች እሱም አያይም፣ ባለቤቱም መዋሸት አያስፈልገውም። ይህን ሲያደርግ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

እናቴ የሞተችው ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ጴንጤዎች ነበርን። ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ቆይቶ ነበር፤ ጥቂት ቤተሰቦች በየቤታችን እየተፈራረቅን፣ መስኮት ዘግተን፣ በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። ስምንት ሰው በሹክሹክታ ሲዘምር ያልሰማ ሰው ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ እንዴት እንደሚመጡ አያውቅም። እናቴ ራሷ ዜማ ታወጣ ነበር። ከመታመሟ በፊት አንድ እሁድ አባቴ በቴፓችን ቀዳት። መጀመሪያ የራሷን መዝሙር ዘመረች። ከዚያ ለመጡት ሁሉ በየስማቸው፣ ከነልጆቻቸው ስም፣ ጸለየች። የካሴቱ አንድ ገጽ እስኪያልቅ ድረስ የእሷ ድምፅ ነው፤ ሌላው ገጽ ባዶ ነበር።

ያ ካሴት ቀበሌ እጅ ቢገባ የስም ዝርዝር ማለት ነው። ከመካከላችን አንዱ ከዚያ ላነሰ ነገር ታስሮ ዓመት ሊሞላው ነበር። አባቴ ይህን ያውቃል። መምህር ነው፣ ጠንቃቃ ነው፣ ዓይናፋርም ነው። ከቀብሩ በኋላ በየሳምንቱ «ነገ አጠፋዋለሁ» ይላል። አላጠፋውም። በጨርቅ ጠቅልሎ የዱቄት ጣሳ ውስጥ ቀበረውና እንዳልነካው አስጠነቀቀኝ።

ነካሁት። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ አልነበረም፤ አወጣሁና ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። የቴፑ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ላልቶ ነበር፤ ገመዱ ካልተደገፈ ይቋረጣል። የባትሪ ድንጋይ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። የክብሪት እንጨት ሸጉጬ አስነሳሁት። እናቴ መጣች። ጆሮዬን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፌ፣ እያለቀስኩም እየሳቅኩም ሰማኋት። መዝሙሯን ጨርሳ መጸለይ እንደጀመረች የክብሪት እንጨቷ ወለቀች፤ ቴፑ አጓርቶ የካሴቱን ክር ዋጠና ቀጥ አለ። የካሴቱን በር ብጎትተው አልከፈት አለኝ። አባቴ ሲገባ ቴፑን በዳንቴሉ ሸፍኜ የቤት ሥራ እየሠራሁ ነበር። ምንም አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌ መልእክተኛ በራችንን አንኳኳ። ቴፑ ለዘጠኝ ሰዓቱ ስብሰባ ይፈለጋል። በሰፈሩ ደህና ድምፅ ያለው የእኛ ቴፕ ስለነበር ሲወስዱት ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። አባቴ መሰኪያው መላላቱን ስለሚያውቅ ቴፑን በጨርቅ ጠቅልሎ ለጋሽ ደበሌ ሰጠውና እየተቻኮለ ወደ መምህራን ስብሰባ ሄደ። ካሴቱ ጣሳው ውስጥ ያለ ነው የመሰለው። እኔ ቤት ቀረሁ። አምስት ሰዓት ሲሆን አላስችል አለኝና ሮጥኩ።

ጋሽ ደበሌ ከመብራቱ ሥር አጎንብሶ ነበር። የተዋጠውን ክር ነቅሎ፣ በእስክሪብቶ ጠምጥሞ ካሴቱን መልሶ አስገብቶታል፤ መሰኪያው ግን ገና አልተበየደም፣ ተንጠልጥሏል።

«ጋሽ ደበሌ፣ ውስጡ ያለው ካሴት የእማዬ ነው። አባዬ አያውቅም» አልኩት በአንድ ትንፋሽ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ሰምቼዋለሁ። ይዞር እንደሆነ ለማየት ከመጀመሪያው መዝሙሩን ሰማሁ።» እጁን ካሴቱን ሊያወጣ ወደ ቴፑ ሰደደ። እርጥቡ ጆንያ የተገለጠው በዚያች ቅጽበት ነው።

ጓድ ሽፈራው ነበር፣ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ። ካኪውን ለብሶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ። ወጣት ነው፤ ለእኛ ለልጆቹ ግን ከተማውን የያዘው እሱ ይመስለን ነበር። የታሰረውን የጸሎት ወንድማችንን ከቤቱ ያወጣው እሱ ነው።

«ጋሽ ደበሌ፣ አለቀ ቴፑ? ሊቀመንበሩ ቀድመህ አምጣው ብሎኛል።» ቁጭ አለና ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። እኔን አየ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ? ምን ሆነሽ ነው የምትንቀጠቀጪው?»

«የባለ ቴፑ ልጅ ናት። ሮጣ መጥታ ነው» አለ ጋሽ ደበሌ።

ጓድ ሽፈራው ወደ ቴፑ ጎንበስ አለ። «ካሴት አለው አይደል? በል ክፈተው፣ እንስማ።»

ጋሽ ደበሌ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ልጁ ሊሆን የሚችለውን ሰው አንቱ ብሎ መለሰለት። «መጫወቱን አይቻለሁ፣ ጓድ። መቅዳቱን ነው ያልሞከርኩት። ዛሬ በስብሰባው ንግግር ሊቀዳ ይችላል፤ እንቢ ቢል ተጠያቂው እኔ ነኝ። እስቲ እርስዎ ይናገሩበት።»

«እኔ?» አለ ጓድ ሽፈራው፤ ጆሮው ድረስ ፈገግ አለ።

ጋሽ ደበሌ የተንጠለጠለውን መሰኪያ ከነገመዱ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘ፤ በሌላ እጁ ክሩን እስከ መጀመሪያው መልሶ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍና ጎረቤቱን አንድ ላይ ተጫናቸው። ያኔ ነው የገባኝ። ቀዩን ቁልፍ ሲጫኑት ድሮ የተቀዳው እንደሚጠፋ በሰፈሩ የማያውቅ ልጅ የለም።

ጓድ ሽፈራው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። «የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች፣ ጓዶች...» ስለ ጽዳት ዘመቻ ተናገረ፣ ስለ አድኃሪያን ተናገረ፣ መፈክር አሰማ። የእናቴ መዝሙር ያለው እዚያ ላይ ነው። እየተነሳሁ እንደሆነ አላወቅኩም፤ «ተው!» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ጋሽ ደበሌ አየኝ። አልተቆጣም፤ የለመነኝ ይመስለኛል። አፌን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የጠላሁት ሰው የለም፤ የጠላሁት ደግሞ ባለ ጠመንጃውን ሳይሆን እሱን ነበር።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላው የጓድ ሽፈራው ንግግር አለቀ። «በቃ፣ ይበቃል። አሁን አሰማኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ክር ስም ነው፤ የሰው ስም፣ የልጆቹ ስም። ጋሽ ደበሌ ቁልፉን አላነሳም። ቃል የሚቆጥበው ሰው በአንድ ጊዜ ወሬኛ ሆነ። ለስኳር ወረፋ የሚሰለፈው ሰው ለምን እንደሚጣላ ጠየቀ። ጓድ ሽፈራው መለሰ። ዓለም ጤና ከተማ ዙሪያ ዘንድሮ ሽንኩርቱ እንዴት ነው አለ። ለካ ጓድ ሽፈራው የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ስለ መስኖው፣ ስለ አባቱ በሬዎች ማውራት ጀመረ። ከላላው መሰኪያ ሥር እሳት ብልጭ ይላል። የጋሽ ደበሌ ክንድ እስከ ትከሻው ይነዝራል፤ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል፤ አውራ ጣቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ቢለቀው ቴፑ ይቆማል፣ ሰውየውም «አሰማኝ» ይላል። እኔ የካሴቱን መስኮት ብቻ አያለሁ፤ በግራ ያለው ክር እየቀጠነ ነው፣ ግን ምን ያህል ቀስ እያለ!

ከዚያ ጋሽ ደበሌ በኦሮምኛ እናቱ በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ ጠየቀው።

ጓድ ሽፈራውም በዚያው በኦሮምኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ሁሉን አልሰማሁም፤ እናቱን ካያት ሦስት ዓመት እንዳለፈው፣ ዓይኗ እየደከመ መሄዱን፣ ጠመንጃ ይዞ ቤቷ እንዳይገባ መከልከሏን ግን ሰማሁ። የእኔ እናት ለሰው ሁሉ በምትጸልይበት ክር ላይ እሱ ስለ እናቱ ብዙ ተናገረ። ቀዩ ቁልፍ ቀጭ ብሎ በራሱ ሲነሳ ሦስታችንም ደነገጥን።

ጋሽ ደበሌ ክሩን መልሶ ጥቂት ጥቂት አሰማው። ጓድ ሽፈራው በመፈክሩ ሳቀ፣ መጨረሻው ላይ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ይህን ሰው መስማት የለበትም» አለና ካሴቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተው። ጋሽ ደበሌ ያን ጊዜ አውራ ጣቱን አነሳ። ጫፉ ነጭ ሆኖ ተቃጥሎ ነበር። በዚያው ጣቱ መበየጃውን ይዞ መሰኪያውን በየደው፤ ሱቁ በጭስ ተሞላ፤ ጓድ ሽፈራው ቴፑን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

አባቴ ስድስት ሰዓት ላይ ሲመጣ እዚያው አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ጋሽ ደበሌ በአጭሩ ነገረው። ይገርፈኛል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ አጠገቤ ቁጭ አለና «ሰምተኸዋል?» ብሎ ጋሽ ደበሌን ጠየቀው።

«መዝሙሩን ሰምቻለሁ» አለ ጋሽ ደበሌ። «ከሰማነው መጨረሻው እኔ ነኝ መሰለኝ። ይቅር በለኝ።»

አባቴ የተቃጠለውን እጁን ያዘ፤ አለቀሰ። በዚያ ዓመት ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሱቁ በር ሳልፍ ጋሽ ደበሌ አንገቱን ሳያቀና ያንን ዜማ ያንጎራጉርልኝ ነበር። እሱ የእኛ እምነት ሰው አልነበረም፤ ቃሉንም አይልም፣ ዜማውን ብቻ፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ። እናቴ ዝቅ የምትልበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱ እዚያ ጋ ከፍ ይላል። እንደተሳሳተ አውቅ ነበር፣ አላረምኩትም። ሰባተኛ ክፍል እስክደርስ፣ በታመመበት ዓመት ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ፣ አንድ ቀን አላጎደለም። ልጆቼን ያስተኛሁት በዚያ ዜማ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ እኔም ከፍ እላለሁ፤ እናቴ እንዴት ትለው እንደነበር ጠፍቶብኛል። የእሷን ድምፅ ለማስታወስ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የሽማግሌ ድምፅ ነው።