ያልተጠየቀበት ሰው

ዙሪክ፣ አልትሽቴተን በሚባለው ሰፈር ከማጸዳው ሕንጻ ምድር ቤት አንድ አናጺ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ጣውላውን የተልባ ዘይት ሲቀባ ሽታው በደረጃው እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። ሌላው ሰው መስኮት ይከፍታል። እኔ መወልወያዬን ተደግፌ እቆማለሁ፤ ያ ሽታ ለእኔ የሙሴ ዌልቢ ሽታ ነው።

ዕድሜዬ ሃያ ሳይሞላ፣ ጄኔቭ፣ ለዛቫንሼ ከሚባለው ሰፈር ከአገሬ ልጅ ከታምራት ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን ስንኖር፣ የሙሴ ዌልቢ በር ከበራችን ፊት ለፊት ነበር። በጣም ያረጁ እንግሊዛዊ ናቸው፣ ሰፈሩ በፈረንሳይኛ አቶ ለማለት ሙሴ የሚላቸው፤ ሚስታቸውን ሥራ አምጥቷት ተከትለዋት መጡ፣ እሷ ስትሞት መመለሻው ጠፍቷቸው ቀሩ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ የሰው እጅ ያያል። የእሳቸው ጣቶች ተሰብረው ተሰብረው በየፊናቸው የገጠሙ ነበሩ።

በወጣትነታቸው ክሪኬት በሚባል ጨዋታ እንጀራ ይበሉ ነበር፤ ለአገራቸው ሳይሆን ለአንድ አውራጃ። በበጋ ነጭ ለብሰው ኳስ በጣውላ ይመታሉ፣ ብርዱ ሲገባ ከሰል ይጭናሉ፤ ብሔራዊ ቡድን ይጠራኛል ሲሉ ፀጉራቸው ሸበተ። ሲያወሩት ዝና ይመስላል፤ እኔን ከጠየቃችሁ የቀን ሥራ ነው።

የመጨረሻውን ጨዋታ ያንን መምቻ ጣውላ የተልባ ዘይት እየቀቡ፣ ለእኔ ስብርባሪ ፈረንሳይኛ እንዲመች ቆራርሰው ነገሩኝ። ኳሷ የጣውላውን ጠርዝ ነክታ አለፈች፣ ከኋላ የቆመው ተጋጣሚ መሬት ሳትነካ ቀለባት። በእኛ ሰፈር ልጆች አነጋገር ተቃጥለዋል፤ መውጣት አለባቸው። የጨዋታው ሕግ ግን ተጋጣሚዎቹ ጮኸው ካልጠየቁት ዳኛው በዓይኑ ቢያይም አይፈርድም ይላል። ሊመሽ ሆኖ፣ ሁሉም ደክሞት፣ ማንም አልጠየቀም። ዝናብ መጣ፣ ጨዋታው ተበተነ፣ ክለቡም ብዙ ሳይቆይ አሰናበታቸው።

«ስለዚህ እስከ ዛሬ አልወጣሁም» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አብረዋቸው የተጫወቱት ሁሉ አልቀዋል፤ እሳቸው ከደረጃ ወድቀው ተነሡ፣ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሳንባቸው ዳነ፤ ጉልበታቸው ከዳ፣ ጥርሳቸው ረገፈ፣ ሞት ግን ደጃቸውን እያለፈ ሌላ ቤት ይገባል።

ጠዋት ጠዋት በሕንጻዎቹ መካከል ባለው ሣር ላይ ኳስ እወረውርላቸው ነበር። ኅዳር ላይ ጉሙ ወርዶ ሕንጻዎቹን ከወገባቸው ሲቆርጣቸው፣ «ትንሽ ወደ ግራ፤ ከኋላህ ያለውን ጋረድከው» ይሉኛል። እዞራለሁ፤ ሰው የለም። ሣሩ ግን አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ሁለት እግር የሚያክል ቦታ ብቻ አረንጓዴ ነው፤ ሰው ቆሞበት ያደረ ይመስል።

«የምትወረውረው አንተ ነህ፤ ከእነሱ ወገን ነህ» አሉኝ አንድ ቀን። «ጠይቅና ልውጣ። በፈለግከው ቋንቋ፤ ዳኛው ይገባዋል።»

ለታምራት ነገርኩት። ካልሲውን እያጠበ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ የመኖሪያ ወረቀትህን እየጠበቅህ በፈረንጅ ነፍስ ምን ጥልቅ አደረገህ? ቢሞቱብህ ለፖሊስ ምን ልትል ነው፣ ጠየቅኩ እንጂ አልነካኋቸውም?»

«አርጅተው ነዋ የሚሞቱት።»

«እሱን ለኔ አትንገረኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

ለጥቂት ጊዜ ሸሸኋቸው፤ በራቸው ሲንቋቋ ከሰማሁ አልወጣም። አንድ ጠዋት በመስኮት ሳይ ግን ብቻቸውን ጉሙ ውስጥ ቆመዋል፤ እጃቸው መጨበጥ ስላቃተው ጣውላውን በሻርፕ ከእጃቸው ጋር አስረውታል። ማንም አይወረውርላቸውም፤ እሳቸው ግን ይጠብቃሉ። ጫማዬን ሳላስር ወረድኩ።

ወረወርኩ። ኳሷ ጠርዙን ቅጭ አድርጋ አለፈች። ከኋላቸው ማንም የለም፤ መሬት ስትነካ ግን አልሰማሁም።

የእንግሊዞቹን አጠያየቅ አላውቅ። ጎረቤት የእርሻ ድንበሩን የገፋበት ጊዜ አባቴ ዳኛ ፊት እንደጮኸው ጮኽኩ፤ «በሕግ አምላክ፣ ፍርድ ይሰጠኝ።»

ሙሴ ዌልቢ ጉሙ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ጠበቁ። ከዚያ ፍርዱን እንደተቀበለ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሻርፑን ፈቱ፣ ጣውላውን ብብታቸው ሥር አድርገው «መርሲ» ብለው አመሰገኑኝና ወደ ቤታቸው አዘገሙ። ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ። የእርግብ ክንፍ ነው ብዬ ልተወው ፈልጌ ነበር፤ እርግብ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አምቡላንስ መጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ኳሷን ፈልጌ አጣኋት።

አልጸጸትም። ከዚያ ወረቀቴ ወጣ፣ ዙሪክ ገባሁ፣ ጎልምሼም ፊደል ቆጠርኩ። አባቴ ሞተ፣ የጮኸለት መሬትም ለሌላ ሆነ፤ ታምራትም ሞተ። ባለፈው ክረምት የጽዳት መኪኖቻችን ከሚያድሩበት ዴፖ በር ላይ የጭነት መኪና ገጭቶኝ ኮቴን ብቻ ቀዶ አለፈ፤ የሥራ ባልደረቦቼ እግዜር አተረፈህ ሲሉኝ አሜን ማለት አቃተኝ፤ በእኔም ላይ ሳይጠየቅ የቀረ ነገር ያለ መሰለኝ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ልጄን ቁጭ አድርጌ «በሕግ አምላክ» ማለትን አስተማርኳት። እዚህ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትጀምርና በጀርመንኛ ትጨርሳለች። ለምን እንደሚጠቅም አልነገርኳትም። እሷም ከስልኳ ቀና ሳትል ደገመችው፤ ቀስ ብላ፣ በትሕትና፣ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ እንደሚጠራ ሰው።