ሰላማዊት ባጃጇን አበረረቻት

ዛሬ ቢሮው በሙሉ ለሰላማዊት ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። ከላይ ፈገግ ብዬ፣ ውስጤ እየተቃጠለ።

አብረን የሐዋሳ ባጃጅ ጌም እየሠራን ነው። የባጃጇ ፍጥነት በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ላይ። ተጫዋቹ ነዳጅ ሲሰጣት ፍጥነቷ እጥፍ እንዲሆን ሁለቱን ቁጥሮች የያዘውን ዝርዝር፣ ሊስቱን፣ በሁለት አባዛሁት።

ኮዱን የምንጽፍበት ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ግን ቁጥሮቹን በማባዛት ፈንታ ሊስቱን ደገመልኝ። ሦስትና አራት የነበረው ሦስት፣ አራት፣ ሦስት፣ አራት ሆነ። ባጃጇም ታቦር ዳገት ሥር ቀጥ አለች።

ጠዋቱን ሙሉ ስታገል ሰላማዊት መጣች። "ሊስቱን መጀመሪያ ወደ ናምፓይ አሬይ ቀይረው እንጂ!" ብላ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻው እንዲባዛ የሚያደርግ አንድ መስመር ጻፈች። ስድስትና ስምንት ሆነ፤ ባጃጇ ዳገቱን እየበረረች ወጣችው።

ቁጭ እንኳን አላለችም። ቆማ ነው የጻፈችው! እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ቢሮአችን ልማድ አለው፤ ኮዱ የተበላሸበት ሰው ያስተካከለለትን ምሳ ላይ ያጎርሳል። ለምሳ የቀረበውን ዓሣ በእንጀራ በደንብ ጠቅልዬ አጎረስኳት። "ኧረ በዛ!" እያለች ስትስቅ፣ ሁሉም "ሲዋደዱ!" አሉን።

ጉርሻውን ያተለቅኩት ግን እስክትውጠው ድረስ ስለ ኮዱ እንዳታወራ ነው።

እስቲ እውነቱን እናውራ፤ እናንተስ እየቀናችሁ ያጎረሳችሁት ሰው አለ?